ወደ ኋላ ሲሄድ ያምርበታል

መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስሟን የሚያውቀው ሰው እያነሰ፣ ቅጽል ስሟን የሚያውቀው እየበዛ ሄዶ፣ ዛሬ ዛሬ ባሏ እንኳን ሲቀልድ "እትዬ ፍሬን" ይላታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። በማስተማሪያ መኪናዋ ውስጥ ከእሷ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ተደናግጦ ወደማይሆን አቅጣጫ ሲያመራ እሷ ትረግጠዋለች። ልማድ ሆኖባት ቀኝ እግሯ ከሥራ ውጭም አያርፍም። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ ወለሉን ትረግጣለች። ፊልም ስታይ መኪና ሲመጣ ምንጣፉን ትረግጣለች። ባሏ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ አልጋ ላይ ተኝታ እሱንም አንድ ሁለቴ አስቁማዋለች።

ዕድሜዋ አምሳ ሦስት ነው። ቁመቷ አጠር ያለ ስለሆነ ወንበሯ ላይ ትራስ ደርባ ትቀመጣለች። ጮክ ብላ ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም። መኪናው መንገድ መሀል ጠፍቶ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋ እንኳን፣ "ምንም አልሆነም፤ ፍሪሲዮኑን እርገጥ፣ ቁልፉን አዙር፣ አሁን ደግሞ ከተኛ ሕፃን ላይ እጅህን እንደምታነሳ ቀስ አድርገህ ልቀቀው" ትላለች፤ ያን ያህል ነው። ከባለሥልጣን ሚስት እስከ ጫኝና አውራጅ ድረስ ከእሷ እጅ ወጥተው መንጃ ፈቃድ የያዙ ሰዎች ቁጥራቸውን እሷም አታውቀውም።

የሙዚቃ ሰው አልነበረችም። ሙዚቃ ማለት ለእሷ ጎረቤት ሲደግስ ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ነገር ነበር። ነገሩ የተቀየረው የዛሬ አምስት ዓመት፣ ስልክ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ወጣት ተማሪዋ መንጃ ፈቃድ ባወጣች ማግስት ነው። ልጅቱ ከደስታዋ ብዛት ፍላሿን መኪናው ላይ እንደሰካችው ረስታው ሄደች። ፍላሹ ውስጥ ሦስት ማህደሮች ነበሩ። አንዱ "ኤሌክትሮኒክ"፣ ሌላው "ሂፕ ሆፕ"፣ ሦስተኛው "ኢንዲ" ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ሰምታ ታውቃለች። ሦስተኛው የልጅቱ እጮኛ ስም መስሏት፣ የሰው ገመና አልነካም ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳትከፍተው ቆየች።

ኤሌክትሮኒኩን ግን በመጀመሪያው ቀን ከፈተችው። አንድ ተማሪ አርፍዶባት መለማመጃው ሜዳ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ሙዚቃው እንደጀመረ የመኪናው ሞተር የተበላሸ መስሏት ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ዘይቱን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ቀበቶውን ነካ ነካ አደረገች። ሁሉም ደህና ነው። ተመልሳ ስትቀመጥ ያ እንደ ሞተር ሲያጉረመርም የነበረው ድምፅ ተከፍቶ፣ ከውስጡ እንደ ሻይ ማንኪያ ብርጭቆ የሚመታ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቅ አለ። ተማሪው ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ "ትንሽ ቆይ፣ ይቺ ትለቅና" ብላ ውጭ አቆመችው።

ከወር በኋላ ልጅቱ ፍላሿን ልትወስድ ስትመጣ ሦስቱም ማህደሮች ተሰምተው አልቀው ነበር።

"እትዬ፣ ሰሙት እንዴ?" አለቻት እየሳቀች።

"ሰማሁት። ሂፕ ሆፑ ላይ ሁለተኛው አልበም ከግማሽ በኋላ ሰውየው ራሱ ሰልችቶታል። እሱ የሰለቸውን እኔ ምን ብዬ እሰማለሁ? ኢንዲው ላይ ያለችው ልጅ ግን ጎበዝ ናት። ትንፋሿን አትሰርቅም።"

ልጅቱ መሳቋን አቆመች። ያን የሂፕ ሆፕ አልበም ሰምታ የሆነ ነገር ጎድሎባት፣ ምን እንደሆነ መናገር አቅቷት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ዓርብ አዲስ የወጣውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ጭና ታመጣላታለች፤ የፊተኛውን ትወስዳለች። ሁለቱም ሥራ ላይ ስለሆኑ ቆመው ለማውራት ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ እትዬ ፍሬን አስተያየቷን ትጽፍላታለች፤ ለአንድ አልበም አንድ ገጽ።

ያላት አቋም የማይነቃነቅ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው ሳይኖርበት ሊጀምር ይችላል፤ ሰው ሳይመጣበት ካለቀ ግን አትወድም። ሰው ስትል የግድ ዘፋኝ ማለቷ አይደለም። ዘግይታ የገባች አንዲት ምት፣ ከማሽኑ ጀርባ እጅ እንዳለ የምታሳብቅ አንዲት ስህተት ትበቃታለች። ሂፕ ሆፕ ላይ ቋንቋው ገባትም አልገባትም የምታዳምጠው ትንፋሹን ነው። ተማሪ መታጠፊያ ሳይደርስ ትንፋሹን ሲይዝ እያየች የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ራፐሩ አየር የሚስብባትን ቦታ ካገኘች ያመነበትን ይበል የተማረውን ይበል እለያለሁ ትላለች። ያለ ትልልቅ አሳታሚዎች በራሳቸው የሚሠሩት የኢንዲ ዘፋኞች ደግሞ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ የሚዘፍኑ ይመስላታል። ይህን ትወድላቸዋለች። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሹክሹክታ ያለቀ አልበም ደርሷት፣ ገጹ ላይ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ "ይሄ ቤት ሆስፒታል ነው?"

አስተያየቷን የምትጽፍበት ደብተር የሥራዋ ደብተር ነው። ቅጠሉ እየተቦጨቀ የሚወጣ ዓይነት ነው። ከፊት በኩል የተማሪዎቿን ሳምንታዊ ውጤት ትጽፍና ቦጭቃ ለራሳቸው ትሰጣለች፤ ከጀርባ በኩል ስለ አልበሞቹ ትጽፋለች። ስም አትጽፍም፤ ለማን እንደምትሰጠው ታውቀዋለቻ። ስታናግረው "እርስዎ" የምትለው ሰውም ቢሆን ወረቀት ላይ "እሱ" ነው፤ ሐኪምም ሆነ ዳኛ መኪናው ውስጥ ከገባ ተማሪ ነው፣ አለቀ።

ባለፈው ዓመት የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል አንድ የጥርስ ሐኪም ተማሪ ሆኖ መጣ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌላ ማሠልጠኛ ተምሮ ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቋል። ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ የሚንቀጠቀጡ ሰዎችን "አይዞዎት፣ ምንም አይሰማዎትም" ሲል የሚውለው ሰውዬ፣ የእሷ መኪና ውስጥ ሲገባ መንጋጋው የሚነቀልበት ይመስል ድርቅ ብሎ ይቀመጣል።

"ዶክተር፣ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ።"

"አድርጌያለሁ እኮ።"

"አንዱን አድርገዋል። ሌላው የበሩን እጀታ ነው የያዘው።"

ጨዋነቱ ለጉድ ነው። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሜዳው ላይ ለምልክት የቆመውን ሾጣጣ የፕላስቲክ ቆብ ገጭቶ ሲጥል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለቆቡ "ይቅርታ" ሲለው ሰማችው። አልሳቀችም። መሳቅ የምትፈልገውን ሁሉ ማታ ለባሏ አስቀምጣ ነው የምትኖረው።

ስድስተኛው ትምህርት ዓርብ ቀን ሆነ። በዚያው ዓርብ ልጅቱም ፍላሿን ልትወስድ ትመጣለች። እትዬ ፍሬን ዝናብ መኪናው ጣራ ላይ እየወረደ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሁለት ገጽ ጻፈች። አንዱ የሐኪሙ ውጤት ነው። ሌላው ስለ አንድ ወጣት ራፐር ሁለተኛ አልበም ነው። የዚህን ልጅ የመጀመሪያ አልበም በጣም ወዳው ስለነበር ሁለተኛውን ስድስት ጊዜ ሰምታ ስድስቴም ቅር ብሏታል። ሁለቱን ወረቀቶች እኩል አጥፋ መሪው አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ አንዱን አውጥታ ለሐኪሙ ሰጠችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላውን ለልጅቱ ሰጠቻት።

ሰኞ ሐኪሙ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም። ስልኩን ብትሞክር አይነሳም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ሳይናገር ሲቀር ታሟል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብላ ተወችው። የሚቀጥለው ዓርብ ልጅቱ፣ ፍላሽ የምትሰጣት ሳምንት ሳይሆን፣ በምሳ ሰዓቷ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ያለፈው ሳምንቱን አነበብኩት። እስከ ዛሬ ከጻፉት ሁሉ እሱ ይበልጣል።"

"ይሁን፤ እኔ እንኳን የከበድኩበት መስሎኝ ነበር።"

"ኧረ ልክ ነዎት። 'ሲደነግጥ ያለውን ነገር ሁሉ አንድ ላይ ይረግጣል' ያሉት፤ አራተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው፣ ፒያኖው፣ አዝማቹ ሁሉ በአንዴ ሲገባ እኮ ልክ እንደዚያ ነው። 'መስተዋቱን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው' የሚለውንማ ሱቅ ለገባ ደንበኛ ሁሉ አነበብኩለት። 'ሌላ አሥር ሰዓት ያስፈልገዋል' ብለዋልና እኔም እንደገና እየሰማሁት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሞልቻለሁ።"

እትዬ ፍሬን መኪናው በቆመበት ፍሬኑን ረገጠች።

"ልጄ፣ ያ ወረቀት ስለ ጥርስ ሐኪም ነው" አለች።

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቋ ስላሸነፋት የመኪናውን በር ይዛ ቁጢጥ አለች። ሳቋን ስትጨርስ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ "ታዲያ ለሐኪሙ ምን ደረሰው?" አለች። እትዬ ፍሬን የጻፈችውን አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች። ገጹ እንዲህ ይል ነበር፦

"ብዙ ጠብቄ ነበር። ስድስት ጊዜ አብሬው ተቀምጫለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን ዛሬም አላወቅኩትም። አጀማመሩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ላይ ደፋር ለመምሰል ይቸኩላል። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሲያልፍ ይጎረብጣል። ችሎታ አጥቶ ቢሆን ባልተናደድኩ ነበር። ለራሱ ብሎ የመጣ አይመስልም፤ ከጀርባው የሚጮኹበት ሰዎች አሉ፣ እነሱን ደስ ለማሰኘት ነው ልፋቱ። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ያምርበታል። እዚያ ላይ ማንንም አይፈራም።"

ወደ ኋላ ሲሄድ ያለችው፣ ሰባተኛው ዘፈን ላይ ልጁ ወደ ልጅነቱ ሰፈር ተመልሶ በድሮ ካሴት ድምፅ ላይ ረጋ ብሎ የሚያወራውን ነው።

የከሰዓት ተማሪዋን ለሌላ አስተማሪ ሰጥታ ወደ ሐኪሙ ክሊኒክ ሄደች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጉንጯን በእጇ የደገፈች ሴትና ጋዜጣ ገልብጦ የያዘ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ ቀጥኖ እየወጣ ይመጣል። እንዲህ በተጨነቀችበት ሰዓት እንኳን፣ "ይሄ ድምፅ ዝቅ ብሎ ከበሮ ቢገባበት ጥሩ መግቢያ ይሆን ነበር" ብላ አሰበችና በራሷ አፈረች። ካርድ የምታወጣው ልጅ "የትኛው ጥርስዎ ነው?" ስትላት "የእኔ አይደለም" ብላ መለሰችላት።

ሴትየዋም ሽማግሌውም ተራቸው ደርሶ ከታከሙ በኋላ፣ ሐኪሙ ሽማግሌውን ሸኝቶ ሲወጣ አያት። ፊቱ አልተቀየመም። ይልቁን እንደ ልጅ አፈረ።

"አስተማሪዬ፣ እኔው ልመጣ ነበር። ስልክ ባለማንሳቴ በጣም ይቅርታ። ይግቡ፣ ይግቡ።"

ክፍሉ ውስጥ መቀመጫ የሚባለው የታካሚው ወንበር ብቻ ነው። እሱ ክቧን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ እሷ በጀርባዋ በተጋደመችው ወንበር ላይ እግሯን አንጠልጥላ ቁጭ አለች።

"ዶክተር፣ ያን ወረቀት..."

"እባክዎ እኔ ልጀምር። ካልጀመርኩ ድፍረቴ ያልቃል።" ጓንቱን አወለቀ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አፉን ይከፍትልኛል፤ እውነት የነገረኝ ግን የለም። እርስዎ ነገሩኝ። ከጀርባው የሚጮኹበት ሰዎች አሉ ብለው ሲጽፉ፣ እህቴን እኮ አያውቋትም። ባሏንም አያውቁትም። ዶክተር ሆነህ በእግርህ ትሄዳለህ እያሉ ነው ማሠልጠኛ የላኩኝ። በተገናኘን ቁጥር ባሏ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወርወር ያደርግና 'ፈተናው እንዴት ሆነ?' ይለኛል። መሪ በያዝኩ ቁጥር የእሱ ሳቅ ነው የሚሰማኝ። ወረቀቱን ያነበብኩ ቀን እህቴ ቤት ሄጄ፣ ትቼዋለሁ፣ መንዳት አልማርም አልኳቸው።"

"ውይ" አለች እትዬ ፍሬን በቀስታ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ተውኩት ካልኩ በኋላ ቀለለኝ። ሦስት ቀን እንደዚያ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ግን መኪና ሲያልፍ እያየሁ ቀናሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ሐይቅ አለ፤ አውቶቡስ አይደርስበትም። ዋና እወዳለሁ። እሁድ ጠዋት ብቻዬን እዚያ ሄጄ፣ አፉን የሚከፍትልኝ ሰው በሌለበት መዋል እፈልጋለሁ። ለዚህ ብዬ ብማር ኖሮ እኮ እስካሁን ችዬ ነበር። ሰኞ ልመጣ ነው።"

እትዬ ፍሬን እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። የተቀመጠችበት ወንበር ላይ አፍ መክፈት ልማድ ስለሆነ ይሁን ወይም የሰውየው ፊት በርቶ ስላየችው፣ ቃል አልወጣትም።

"አንድ ነገር ግን ገርሞኛል" አለ ሐኪሙ። "አራተኛ ማርሽ ሳስገባ እንደሚጎረብጥ አውቀዋለሁ። ወደ ኋላ ሲሄድ ያምርበታል ያሉት ግን ከየት መጣ? ወደ ኋላ መንዳት ገና አልጀመርንም እኮ።"

"ከአቀማመጥዎ ያስታውቃል" አለች። ተናግራ ሳትጨርስ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ቤቷ ገብታ ሁሉንም ለባሏ ነገረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ እያሳጠረ ሰማት። ቆቡን ይቅርታ የጠየቀው ሐኪም መሆኑን ሲሰማ መርፌውን አስቀምጦ እንደ ልቡ ሳቀ።

"ልነግረው ይገባኛል" አለችው።

"ምን ብለሽ? 'ስለ አንተ አይደለም፤ ስለ አንተ የጻፍኩት እግሩ ከባድ ነው፣ መስተዋት አያይም የሚለው ነው' ብለሽ?"

"ዋሽቼዋለሁ እኮ።"

"አልዋሸሽም፤ ወረቀት ነው ያቀበልሽው። መንጃ ፈቃዱን እስኪይዝ ዝም በይ። ከያዘ በኋላ ትነግሪዋለሽ። አሁን ብትነግሪው ደግሞ ተመልሶ የበሩን እጀታ ነው የሚይዘው።"

አልተዋጠላትም፤ ግን ዝም አለች።

ሰኞ ሐኪሙ ገና ቀበቶውን ሳያስር፣ "ዛሬ ወደ ኋላ እንጀምር" አለ። እሷ በሆዷ አለቀልኝ ብላ ቆቦቹን ደረደረች። ሐኪሙ መስተዋቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለ፣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናው በቆቦቹ መሀል እንደ ውሃ ፈሶ ቦታው ላይ ቆመ። አንዱንም አልነካም። "ይድገሙት" አለችው። ደገመው። በግራ በኩል አስሞከረችው፣ በጠባቡ አስሞከረችው፤ ያው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር እንዲህ ያለ አላየችም።

"ምን አስበው ነው የሚያደርጉት?" አለችው ግራ ገብቷት።

"ምንም አላሰብኩም። የላይኛውን ጥርስ ከጀርባው ሳክም እኮ ሁልጊዜ በትንሿ መስተዋት ነው የማየው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው። ዕድሜ ልኬን በግልባጭ ነው የሠራሁት።" ከዚያ ጨመረበት፦ "እርስዎ አስቀድመው ያዩት ይሄንን ነው፤ ለካ ሰው እንዲህ ይታወቃል።"

እትዬ ፍሬን መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ አየች።

ወደ ኋላ መንዳት እንደሚችል ካወቀ በኋላ ወደ ፊቱም ተስተካከለለት። መስተዋቱን ከጌጥነት አወጣው። አራተኛውን ማርሽ ሳይጎረብጥ ማስገባት ለመደ። ይቅርታ መጠየቁ ግን አልለቀቀውም፤ ይሄንን ልታስተወው አልሞከረችም።

የፈተናው ቀን እሷ ከሌሎች አስተማሪዎች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታይ ነበር። ፈታኙ ፋይል በብብቱ የያዘ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሐኪሙ በምሰሶዎቹ መሀል ወደ ኋላ ገብቶ ሲቆም ፈታኙ ከመኪናው ወርዶ ዞሮ አየ፤ ጎማውን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ሐኪሙን አየ። ከዚያ ምንም ሳይል ወረቀቱ ላይ ጻፈ። መንገድ ወጥተው ሲመለሱ ሐኪሙ ከሩቁ ሁለት እጁን አንስቶ አሳያት፤ መኪናው ቆሞ ስለነበር አልተቆጣችውም።

እንኳን ደስ ያለዎት ብላ ከጨበጠችው በኋላ ቦርሳዋን ከፈተች። ልጅቱ የመለሰችላትን ወረቀት አውጥታ ሰጠችው።

"ዶክተር፣ የእርስዎ ውጤት ይሄ ነው። ያኛው በስህተት የደረሰዎት ነው። ስለ እርስዎ አይደለም።"

ሐኪሙ እዚያው ቆሞ አነበበ። አንዴ ጨርሶ ከላይ ጀመረው።

"'ሁለቴ የመንገድ ጠርዝ ነክቷል፤ አንዴም ወጥቶበታል።' እውነት ነው" አለ። "'ሌላ አሥር ሰዓት ያስፈልገዋል።' ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ተማርኩ?"

"ዘጠኝ ተኩል።"

"ጥሩ ግምት ነው" አለ፤ ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ፣ "ያኛውስ? ያኛው ስለ ማን ነበር?" አለ።

"ስለ አንድ ራፐር ሁለተኛ አልበም።"

ይቀየመኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ሐኪሙ የሚያስበው ሌላ ነበር። "ይሄን ሰውዬ ልሰማው እፈልጋለሁ" አላት። "ሁለት ወር ሙሉ የእሱን ጥፋት ተሸክሜ ነው የተማርኩት።"

ልጅቱ አልበሙን ሌላ ፍላሽ ላይ ጭና ላከችለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እትዬ ፍሬን ሜዳው ላይ ቆቦቹን ስትሰበስብ፣ አንድ ያገለገለ ትንሽ መኪና ወደ ኋላ እየነዳ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሐኪሙ ነው። ፀጉሩ እርጥብ ነው።

"ሦስት እሁድ ሐይቁ ድረስ ሰማሁት፤ ሄጄም ተመልሼም" አለ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ። "ስለ እኔ የጻፉት ልክ ነበር። ስለ እሱ ግን ተሳስተዋል።"

"እንዴት ነው የተሳሳትኩት?" አለች ቆቦቹን እንደታቀፈች።

"ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሲያልፍ ይጎረብጣል ብለዋል። ሦስተኛው ላይ እናቱ ቤት ነው ያለው። አራተኛው ላይ ከቤት ወጥቷል። በቀስታ አልወጣም እኮ፤ ተጣልቶ ነው የወጣው። በር ሲወረወር ምን ዓይነት ድምፅ እንዲያሰማ ፈልገው ነው?"

"ያ ሁሉ ከበሮ በር ነው ማለት ነው?"

"ይግቡና ይስሙት።"

ገባች። በሐኪሙ መኪና ከእሷ እግር ሥር ፍሬን የለም፤ እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ወለሉን ስትረግጥ ነው የሄደችው። ሐኪሙ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሦስተኛው ዘፈን አልቆ አራተኛው ሲጀምር ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከበሮው ገባ፣ ፒያኖው ተከተለ፣ አዝማቹ ደረበበት። ለሰባተኛ ጊዜ ስትሰማው በእርግጥ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ጥሎ የሚወጣ መሰላት። ልጁ ትንፋሹን የሚስብባትን ቦታም አገኘቻት፤ ከበሮው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፣ አንድ ነገር ሊናገር አስቦ የተወው ይመስላል። ስድስት ጊዜ ሰምታ ይህቺ ትንፋሽ አምልጣት ነበር።

"አራተኛው ላይ ረትተውኛል" አለች በመጨረሻ። "ሁለተኛው ላይ ግን ደፋር ለመምሰል ይቸኩላል።"

"ሁለተኛው ላይ እኔም እስማማለሁ።"

"ለሰው ደስታ ነው የሚለፋው ያልኩትም እንዳለ ነው።"

"እሱ ላይ ደግሞ ገና እንከራከራለን" አለ ሐኪሙ፣ ፍሬቻ አብርቶ እየታጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ የምታዘጋጀው ፍላሽ ሁለት ሆኗል። ሐኪሙ ለኢንዲ ልቡ ስስ ነው፤ በሹክሹክታ የሚዘፍን ሁሉ ይገባዋል። ኤሌክትሮኒክ ግን ሥራ ቦታ ያለሁ ይመስለኛል ብሎ ብዙም አይደፍረውም። እትዬ ፍሬን በዚህ ታዝንበታለች፤ ጥሩ መሰርሰሪያ ያለው ሰው እንዴት ኤሌክትሮኒክ አይወድም ትላለች።

በቅርቡ አንድ መንጋጋዋ አመማትና ወደ እሱው ሄደች። ወንበሩን አስተኝቶ፣ መርፌውን ወግቶ፣ አፏን በጥጥና በቱቦ ከሞላው በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ ከፈተ። በዚያ ሳምንት የወጣ የኢንዲ አልበም ነው። አንዲት ሴት በአንድ ጊታር፣ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ትዘፍናለች።

"ምን ይመስልዎታል?" አላት ጎንበስ ብሎ።

"አአ" አለች እትዬ ፍሬን።

"ድንቅ ናት፣ አይደል? እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት።"

"አአ፣ አአ።"

"በተለይ አምስተኛው። መስማማታችን ደስ ብሎኛል" አለና መሰርሰሪያውን አነሳ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከንፈሯ ደንዝዞ ዋለ። የከሰዓት ተማሪዋን በእጅ ምልክት አስተማረችው። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ምላሷ ሲመለስላት መኪናውን ጥግ አስይዛ ስልኳን አወጣች።

"ዶክተር፣ ደህና ነኝ፣ ሕመሙ ጠፍቷል፣ እጅዎ ይባረክ" አለች። "የደወልኩት ግን አልተስማማሁም ለማለት ነው።"